ከመቶኛው በፊት ቀኑን እንይ፦ የባንክ ቁጠባን ስለማወዳደር በጅማ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከከተማችን ሰፈሮች ሁሉ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ አዳራሽ ስመጣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የባንክ ቅርንጫፎች ለመቁጠር ሞክሬ ነበር፤ የባጃጁ ሾፌር ቸኩሎ ስለነበር ቁጥሩ ጠፋብኝ። ብዙዎቹ በራቸው ላይ አንድ መቶኛ ለጥፈዋል፤ ገንዘብ ያለው ሰውም ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ቁጥሩ ትልቅ የሆነበትን ይመርጣል። የትኛው ባንክ የበለጠ ወለድ ይከፍላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የጅማና የአካባቢዋ ገንዘብ በአብዛኛው በቡና ወቅት ጎርፎ ገብቶ በክረምት የሚደርቅ ገንዘብ ስለሆነ፣ ለእኛ ከመቶኛው አስቀድሞ መታወቅ ያለበት መቶኛው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀሪ ሒሳብ ላይ እንደሚሰላ ነው። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ አይርቅም።

በባንክ መስኮት ኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ካስተናገድኳቸው ሰዎች መካከል ከአጋሮ ወዲህ ካለ ቀበሌ የመጡ አንድ ሽማግሌ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፉም። በጥር ወር የቡናቸውን ሽያጭ 120,000 ብር አስቀምጠው ሄዱ፤ ዓመት ሲሞላ ደብተራቸውን ይዘው መጡና የተጻፈላቸውን ወለድ አዩ። የ120,000 ብር 7 በመቶ 8,400 ብር መሆኑን ልጃቸው አስልቶ ነግሯቸዋል፤ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ግን ከ4,000 ብር በታች ነው። «ልጄ፣ ግማሹን ማን በላው?» አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ግን ጆሮውን አቆመ። እኔም «አባቴ፣ ማንም አልበላብዎትም፤ እርስዎ ራስዎ ጥቂት በጥቂት ወስደውታል» ብዬ በገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ ማስላት ጀመርኩ።

ሽማግሌው በየወሩ መጀመሪያ ለአስቤዛ፣ ለጉልበት ሠራተኛና ለልጆቻቸው ትምህርት 10,000 ብር ያወጡ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ሒሳባቸው ላይ የቀረው 110,000 ብር፣ በሁለተኛው 100,000 ብር ነው፤ እንዲህ እያለ ወርዶ በአሥራ ሁለተኛው ወር ባዶ ሆኗል። እነዚህ አሥራ ሁለት ቀሪ ሒሳቦች ሲደመሩ 660,000 ብር፣ ለ12 ሲካፈሉ ደግሞ 55,000 ብር ይሆናሉ። ይህም ማለት በዓመቱ ውስጥ በአማካይ ባንክ ውስጥ የነበራቸው ገንዘብ 55,000 ብር ብቻ ነው፤ ወለድ በወለድ ላይ የሚጨምረውን ጥቂት ነገር ትተን የዚህ 7 በመቶ 3,850 ብር ነው። ከዚያ ላይ 5 በመቶ ግብር፣ ማለትም 192 ብር ከ50 ሳንቲም ሲነሣ በእጃቸው የሚገባው 3,657 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «እንግዲህ ገንዘቡ ዓመት ሙሉ አልተኛም ማለት ነው» አሉ። ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ወለድ የተኛ ገንዘብ ኪራይ መሆኑን እንደ እርሳቸው አሳጥሮ የነገረኝ አሠልጣኝ ግን አላጋጠመኝም።

ግብሩን ካነሣሁ አይቀር፣ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በገንዘብ ተቋም ከተቀመጠ ቁጠባ በሚገኝ ወለድ ላይ 5 በመቶ ግብር ጥሏል፤ ባንኩ ራሱ ቀንሶ ለመንግሥት ስለሚያስገባው አስቀማጩ ወደ ገቢዎች ቢሮ መሄድ አያስፈልገውም። የግብር ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል ሒሳብ በምትከፍቱበት ዕለት በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔ ጠይቃችሁ አረጋግጡ። የሁሉም ባንክ አስቀማጭ እኩል የሚከፍለው በመሆኑ ለማወዳደሪያነት አያገለግልም፤ በዚሁ ልለፈው።

አሁን 7 በመቶ የተባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንመልከት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ንግድ ባንኮች ለቁጠባ ከዚህ በታች መክፈል አይችሉም ብሎ የሚወስነው ዝቅተኛ ምጣኔ አለ። ይህ ምጣኔ 5 በመቶ ሆኖ ቆይቶ፣ ብር ከውጭ ገንዘቦች አንጻር በ15 በመቶ እንዲቀንስ በተደረገበት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ልብ በሉ፤ የተወሰነው ወለሉ ነው፤ ጣሪያ አልተቀመጠም። ባንኩ ከፈለገ 8 ወይም 9 የመክፈል መብት አለው፤ ነገር ግን ለተራው የቁጠባ ደብተር ብዙዎቹ ከወለሉ ብዙም ፈቀቅ ሲሉ አይታዩም። ምክንያቱ አይከብድም፤ ጥቂት ጥቂት ብር ያላቸው ብዙ አስቀማጮች ስለ ወለድ ሲከራከሩ አይሰሙም፤ ብዙ ሚሊዮን የያዘው አንድ ድርጅት ግን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቁጭ ብሎ ይደራደራል። ልዩነት የሚፈጠረው ለሴቶች፣ ለወጣቶች፣ ለልጆች ተብለው በተከፈቱ ልዩ የቁጠባ ሒሳቦችና ከሁሉ በላይ በጊዜ በተገደበ ተቀማጭ ላይ ነው። ልዩ የተባሉት ሒሳቦች የሚጨምሩት ብዙውን ጊዜ የአንድ በመቶን ክፋይ ነው፤ 20,000 ብር ላለው ሰው ግማሽ በመቶ ጭማሪ በዓመት 100 ብር መሆኑን አስልታችሁ፣ ለዚያ ሲባል የሚጣልባችሁ ገደብ ይገባዋል ወይ ብላችሁ መዝኑ። ተንቀሳቃሽ ሒሳብ በቼክ ለሚሠራ ነጋዴ ነው፤ በጥቅሉ ወለድ ስለሌለው ከዚህ ውድድር ውጭ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የቁጠባ ወለድ የሚሰላበት መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው በየቀኑ ማታ በሒሳቡ ላይ የተገኘውን ገንዘብ እየያዘ የሚያሰላ ነው፤ ሌላው ደግሞ በወሩ ውስጥ ሒሳቡ የደረሰበትን ዝቅተኛ ቀሪ ብቻ ወስዶ የወሩን ወለድ በዚያ ላይ የሚያሰላ ነው። ደመወዝ ተቀባይና ገንዘቡን የማይነካ ሰው ልዩነቱን ላያውቁት ይችላሉ። ነጋዴ ግን ሊያውቀው ይገባል።

በመርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴን እናስብ። በወሩ 25 ቀናት ውስጥ 200,000 ብር ሒሳቧ ላይ አለ፤ ከዚያ ዕቃ ለማምጣት 180,000 ብር ታወጣና ለ5 ቀናት 20,000 ብር ብቻ ይቀራል። ሀ የምንለው ባንክ 7 በመቶ በየቀኑ ቀሪ ላይ ይከፍላል፤ ለ የምንለው ባንክ 8 በመቶ ይከፍላል፤ የሚያሰላው ግን በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ነው። በሀ ባንክ የወሩ አማካይ ቀሪ ሒሳብ 170,000 ብር ስለሆነ ወለዱ 991 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። በለ ባንክ የሚታየው 20,000 ብር ብቻ ስለሆነ ወለዱ 133 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። በበሩ ላይ ትልቁን ቁጥር የለጠፈው ባንክ ከሰባት እጅ በላይ ያነሰ ከፈላት ማለት ነው። ይህ ሴራ አይደለም፤ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ጥፋቱ ውሉን ሳናነብ ማስታወቂያውን ማንበባችን ነው።

በዚህ ላይ በእኛ አገር ብቻ የሚመጣ አንድ ችግር አለ። እኛ የምንኖረው በራሳችን ቀን አቆጣጠር ነው፤ የባንኮቹ መዝገብ ግን የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ገበሬ ጥር 1 ቀን የወሩ መጀመሪያ ነው ብሎ ገንዘቡን ቢያስገባ፣ በባንኩ መዝገብ ዕለቱ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ነው። በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ በሚያሰላ ባንክ ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ሒሳቡ ባዶ ስለነበር ለጃንዋሪ ወር የሚታሰብለት ወለድ የለም፤ ወለዱ የሚጀምረው ፌብሩዋሪ 1 ማለትም ጥር 24 ገደማ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ ገንዘቡ በነጻ ተቀምጧል። ታኅሣሥ 22 ቢያስገባ ኖሮ ግን የጃንዋሪን ሙሉ ወለድ ያገኝ ነበር። ወጪ ማድረግም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጆቹ ወር የመጨረሻ ቀን ከማውጣት በማግሥቱ፣ በአዲሱ ወር የመጀመሪያ ቀን ማውጣት ያለፈውን ወር ወለድ ያድናል። የሁለቱም አቆጣጠር ቀናት ያሉበትን የግድግዳ ካላንደር ባንኮቹ ራሳቸው በየዓመቱ ይሰጡናል፤ እኛ ግን የበዓል ቀን ለማየት ብቻ ነው የምንጠቀምበት።

ወለዱ በየስንት ጊዜው ወደ ዋናው ሒሳብ እንደሚገባም ይጠየቃል። በየወሩ ሲገባ በሚቀጥለው ወር ወለዱ ራሱ ይወልዳል፤ 100,000 ብር በ7 በመቶ ለዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ፣ በዓመት አንዴ ሲታሰብ 7,000 ብር፣ በየወሩ ሲታሰብ ወደ 7,229 ብር ይሆናል። የ229 ብር ልዩነት ነው፤ ሁለት ባንኮች በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ይህን እዩ፤ ካልሆነ ብዙ አትጨነቁበት።

የምዘገይበት ነገር በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ ነው። ገንዘቡን ለሦስት፣ ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወር እንደማትነኩት ተስማምታችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ባንኩም ለዚያ ጊዜ ያህል ሊያበድረው እንደሚችል ስለሚያውቅ ከተራው ቁጠባ የተሻለ ይከፍላል። እዚህ ላይ ምጣኔው እንደ ገንዘቡ መጠንና እንደ ጊዜው ርዝመት የሚለያይ፣ ብዙ ጊዜም በድርድር የሚወሰን ነው። የጅማ ነጋዴ በሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ ከመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር በማርትሬዛ ብር ሲደራደር የኖረ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን በባንክ ጠረጴዛ ፊት ሲቀርብ የተነገረውን ምጣኔ እንደ መንግሥት ታሪፍ ተቀብሎ ይፈርማል። በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ ዋጋ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። ሦስት ባንክ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ያላችሁን ለሁለተኛው ንገሩት።

ለቡና አምራች ይህ ተቀማጭ እንዴት እንደሚሠራ በሽማግሌው ገንዘብ ላሳይ። 120,000 ብሩን በሁለት ከፍለው 60,000 ብሩን በተራው ቁጠባ፣ 60,000 ብሩን ደግሞ በድርድር 10 በመቶ አግኝተው ለስድስት ወር ቢያስቀምጡት ኖሮስ? ምጣኔውን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኩት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እንደ ልማዳቸው በየወሩ 10,000 ብር ከቁጠባው ያወጣሉ፤ ከዚህ የሚያገኙት ወለድ 875 ብር ነው። የተገደበው 60,000 ብር በስድስት ወሩ 3,000 ብር ይወልዳል። ከሰባተኛው ወር ጀምሮ የተፈታውን 60,000 ብር ወደ ቁጠባ መልሰው እንደገና በየወሩ 10,000 ሲያወጡ ሌላ 875 ብር ያገኛሉ። ጠቅላላው ከግብር በፊት 4,750 ብር ይመጣል፤ ከቀድሞው 3,850 ብር ጋር ሲነጻጸር 900 ብር ይበልጣል። አኗኗራቸው አልተቀየረም፤ በየወሩ የሚያወጡት ያው ነው፤ የተቀየረው እስከ ሐምሌ እንደማይነኩት የሚያውቁትን ገንዘብ እስከ ሐምሌ መዝጋታቸው ብቻ ነው።

ሐምሌን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 1 ቀን የተገባ የስድስት ወር ውል በፈረንጆች ከጃንዋሪ 9 እስከ ጁላይ 9 ይሄድና ሐምሌ 2 ቀን ይፈታል። ክረምቱ በአካባቢያችን እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው፤ ያለፈው ዓመት ቡና ተሸጦ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና እሸት ነው፤ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ወጪ ይመጣል፤ ጥቅምት ሲገባ ለለቃሚ የሚከፈል ጥሬ ብር ያስፈልጋል። ቡናውን ገና በእሸቱ ለአበዳሪ በርካሽ የሚሸጥ ገበሬ የሚበዛው በዚህ ወቅት ነው፤ በዚያ ውል የሚያጣው ገንዘብ የትኛውም ባንክ ከሚከፍለው ወለድ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ውሉ መቼ እንደሚፈታ ስትመርጡ የመቶኛውን ሠንጠረዥ ብቻ ሳትመለከቱ ክረምቱንም ተመልከቱ። የአሥራ ሁለት ወር ውል ከፍ ያለ ምጣኔ ቢሰጥም፣ ነሐሴ ላይ ውሉን ለማፍረስ የሚገደድ ሰው ቃል የተገባለትን ወለድ በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጣ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ከጊዜው በፊት ባወጣ ምን አገኛለሁ የሚለውን፣ ጊዜው ሲያበቃ ዝም ብል ውሉ በራሱ ይታደሳል ወይ የሚለውን። በራሱ ታድሶ ሌላ ስድስት ወር የተዘጋበት ሰው በመስከረም እያለቀሰ ሲመጣ አይቻለሁ።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ብዙዎቻችሁ በሃይማኖታችሁ ምክንያት ወለድ አትቀበሉም፤ ለእናንተ እስካሁን ያልኩት ሁሉ የማይመለከታችሁ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፍተዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ የተቋቋመ የመጀመሪያው ባንክ ነው። በዚህ አሠራር ሁለት የሒሳብ ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። ዋዲያ አማና ነው፤ ገንዘባችሁ ይጠበቃል፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ታወጡታላችሁ፤ ጭማሪ ግን በውል አይጠየቅም። ሙዳረባ ሽርክና ነው፤ ባንኩ በገንዘባችሁ ይሠራበታል፤ ትርፉንም አስቀድሞ በተስማማችሁት ድርሻ ትካፈላላችሁ፤ ኪሳራ ከመጣ ግን፣ ባንኩ በቸልተኝነቱ ካላመጣው በቀር፣ የሚቀንሰው የእናንተ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድርሻን ከመቶኛ ጋር ሲያደባልቅ ነው። «60 ለ40 እንካፈላለን» የሚል ባንክ 60 በመቶ እከፍላለሁ ማለቱ አይደለም፤ ትርፉ ስንት እንደሆነ ካልታወቀ ድርሻው ብቻውን ምንም አይናገርም። 70 ለአስቀማጩ የሚሰጥ ግን ትንሽ የሚያተርፍ ባንክ፣ 50 ከሚሰጥና ብዙ ከሚያተርፍ ባንክ ሊያንስ ይችላል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ባለፉት ዓመታት በዚህ ሒሳብ ለእያንዳንዱ 1,000 ብር ስንት ብር አከፋፈላችሁ?» የሚል ነው። ትርፉ በየቀኑ ቀሪ ወይስ በዝቅተኛው ቀሪ እንደሚከፋፈል መጠየቅም ያው ግዴታ ነው፤ ቀሪ ሒሳብ የሚቆጠርበት መንገድ እዚህም ያው ነው።

ስለ ዕቁብም ትንሽ ልበል፤ የጅማ ነጋዴ የመጀመሪያ ባንክ እርሱ ነውና። 12 ሰዎች በየወሩ 10,000 ብር እየጣሉ 120,000 ብር ቢያወጡ፣ በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ በመጨረሻው ወር የሚያወጣው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ከርሟል። የመጨረሻው ሰው ያንኑ 10,000 ብር በየወሩ ባንክ ቢጥል ኖሮ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር በ7 በመቶ የሚያገኘው ወለድ 3,850 ብር ነበር። ቁጥሩን የሰማችሁት ይመስለኛል፤ የአጋሮው ሽማግሌ ያገኙት ራሱ ነው፤ እርሳቸው ከ120,000 ወደ ባዶ ወረዱ፣ ይኼኛው ከባዶ ወደ 120,000 ወጣ፣ የተኛው ገንዘብ ግን እኩል ነው። ዕቁብ ተዉ የሚል ምክር አልሰጥም። ዕቁብተኛ በዳኛውና በጓደኞቹ ፊት የሚያፍረውን ያህል በባንክ ፊት አያፍርም፤ ብዙ ሰው የሚቆጥበውም ስለሚያፍር ነው። ዕጣው ዘግይቶ ለሚደርሰው ሰው ዋጋው ይህን ያህል መሆኑን ማወቁ ግን አይከፋም።

አሁን ደስ የማይለውን ነገር ልናገር። 100,000 ብር በ7 በመቶ ዓመት ተቀምጦ፣ 5 በመቶ ግብር ተቀንሶለት 106,650 ብር ይሆናል። በዚያው ዓመት የዕቃ ዋጋ፣ እንበልና፣ በ13 በመቶ ቢጨምር፣ መጀመሪያ በ100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ 113,000 ብር ይጠይቃል። ገንዘቡ አድጎ ሳለ አቅሙ ቀንሷል፤ በዓመቱ መጀመሪያ ዋጋ ሲመነዘር ወደ 94,400 ብር ገደማ ነው የቀረው። ሁላችሁም እንደምታስታውሱት በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የራሱን የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ 15 በመቶ አድርጎ አስታውቋል፤ ይህ በባንኮችና በብሔራዊ ባንኩ መካከል የሚሠራበት ምጣኔ ስለሆነ የቁጠባ ደብተራችሁን ወለድ በቀጥታ አይወስንም፤ ብዙ ሰው 15 በመቶ ይከፈለኝ ብሎ ወደ መስኮት መምጣቱን ስለሰማሁ ነው የማብራራው።

ስለዚህ ነው የአካባቢያችን ገበሬ ጀንፈሉን፣ ማለትም ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን፣ በጎተራ ማቆየት ከባንክ ይሻላል የሚለው። ሐሳቡን አልንቀውም። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ገደማ የአረቢካ ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ጀንፈል ያቆየ ሰው ከማንኛውም ቆጣቢ በላይ ተጠቅሟል። ነገር ግን ጀንፈል ወለድ የለውም፤ ያለው የዋጋ ዕድል ነው፤ ዋጋው የወጣበት መሰላል የሚወርድበትም ነው። እርጥበት ያገኘው ጀንፈል ይሻግታል፤ የቆየው ጣዕሙ ይጠፋል፤ ለሌባም የተጋለጠ ነው። እኔ እንደማየው የክረምቱንና የመስከረሙን ወጪ የሚሸፍነው ገንዘብ ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ የተረፈውን ቡና በዋጋ ተስፋ ማቆየት የባለቤቱ ድፍረት ነው። የሚያስፈራኝ የትምህርት ቤት ክፍያውን ጭምር በጎተራ የሚያስቀምጠው ነው።

ደኅንነቱስ? በ2013 ዓ.ም. በመንግሥት ደንብ የተቋቋመ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። «በአንድ ባንክ» የሚለውን አስምሩበት፤ አንዱን ደብተር በጅማ፣ ሌላውን በአጋሮ ቅርንጫፍ መክፈት ሽፋኑን አያበዛውም፤ ሁለቱ ተደምረው ይታያሉ። 300,000 ብር ያለው ሰው በሦስት ባንኮች ቢከፍለው ሙሉ በሙሉ በሽፋኑ ውስጥ ይገባል። በአንጻሩ ገንዘብን መበተን በጊዜ ተቀማጭ ላይ የመደራደር አቅምን ይቀንሳል፤ ሁለቱን ማመዛዘን የእናንተ ፋንታ ነው።

ንግግሬን እንደጨረስኩ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን ለአንባቢ መጻፍ ፈልጌያለሁ። በመናኸሪያው አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ወጣት ተነሥታ «እርስዎ የሚናገሩት ስለ መቶ ሺህ ነው፤ እኔ በቀን 200 ብር ባተርፍ ነው፤ ለእኔ የትኛው ባንክ ይሻለኛል?» አለችኝ። በወር 26 ቀን ብትሠራ 5,200 ብር ነው፤ ይህን በየወሩ መጨረሻ ብታስገባ በዓመቱ 62,400 ብር ትቆጥባለች፤ ወለዱም በ7 በመቶ 2,002 ብር ይመጣል፤ ግብሩ ሲነሣ 1,900 ብር ገደማ ነው። «እኅቴ፣ በየስንት ጊዜው ነው ባንክ የምትሄጂው?» ስላት በየሳምንቱ እንደምትሄድ፣ ወደ መረጠችውም ባንክ በባጃጅ ደርሶ መልስ 40 ብር እንደምትከፍል ነገረችኝ። በዓመት 52 ሳምንት 2,080 ብር ነው። ባጃጁ ወለዱን ሙሉ በሙሉ በልቶ ከኪሷም ጨምሮ ይወስዳል። የመረጠችው ባንክ ግማሽ በመቶ ይበልጣል ተብሎ ነበር፤ ያ ጭማሪ ለእርሷ በዓመት 143 ብር ነው፤ የአራት ሳምንት የባጃጅ ሒሳብ እንኳ አይሞላም። ለእርሷ የሚሻለው ባንክ ከጀበናዋ አጠገብ ያለው ነው አልኳት።

«አንድ በእግር የሚደረስበት አለ፤ እንግዲያው ወደዚያ በወር አንዴ ብቻ እሄዳለሁ፤ በየትኛው ቀን ልሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም የፈረንጆቹ ወር ሊያልቅ አንድ የሥራ ቀን ሲቀረው ብዬ መለስኩላት።